ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ

ድሬዳዋ ላይ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አይገዛም። ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብቶ ያገለገለውን ያነሳል፣ ይከራከራል፣ ይዞ ይወጣል። ሻጩም ዋጋ ማስወደጃ የማትቀር አንድ ንግግር አለችው፦ «ሁሉም ተጭኖለታል፤ ኦፊሱ አለ፣ ፎቶሾፑ አለ፣ አንቲቫይረሱ አለ፣ ከፍተህ መሥራት ብቻ ነው።» እኔ የምፈራው ይቺን ስሰማ ነው። ማን ጫነው? ከየት አውርዶ? ሲጭንስ ምኑን አጥፍቶ?

ስለ ግል መረጃ ወሬ ሲነሳ ሁሌ የሚወቀሱት ጉግልና ፌስቡክ ናቸው። ይወቀሱ፣ ይገባቸዋል። ግን እኛ ሰፈር የሰው ፎቶና መታወቂያ የሚበተነው መጀመሪያ በሌላ በኩል ነው። ክራክ በተደረገ፣ ማለትም ላይሰንሱ ተሰብሮ በነፃ በሚጫን ሶፍትዌር፣ ከእጅ እጅ በሚዞር ፍላሽ፣ በፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር፣ በጥገና ቤት። ስለዚህ ቅድሚያውን ለእነዚህ ነው የምሰጠው። ስለ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የማወራው መንገድ ላይ ሲያጋጥሙን ብቻ ነው።

ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት

ማሽኑን አስነሱትና የፕሮሰሰሩን ስም አንብቡ። ኢንቴል ከሆነ «ኮር አይ 5» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። 8250 ካለ ስምንተኛ ትውልድ ነው፣ 7200 ካለ ሰባተኛ፣ 6300 ካለ ስድስተኛ። ይሄን ማወቅ ያስፈለገው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለ ኢንቴል በይፋ አይቀበልም፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍልም ይፈልጋል። ሻጩ ሰባተኛው ላይ ዊንዶውስ 11 ጭኖ ሊያሳያችሁ ይችላል። ይሠራልም። ግን በዘዴ የገባ ነው፤ እንዲህ ላሉ ማሽኖች አፕዴት የመስጠት ግዴታ እንደሌለበት ማይክሮሶፍት ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ «ዊንዶውስ 11 ነው» ስለተባለ ብቻ አንድ ብር አትጨምሩ።

ከዚያ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ዲስኩ ፈጣኑ ኤስኤስዲ ይሁን የቀድሞው ዘገምተኛ ኤችዲዲ ይጽፈዋል። ኤችዲዲ ከሆነ ወይ ዋጋው ይውረድ ወይ ይቅር፣ ምክንያቱም ቀሪው ሁሉ ጥሩ ቢሆን እንኳ ዲስኩ ያንቀረፍፈዋል። ራሙ 8 ጊጋ ከሆነ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። አጥፍታችሁ አስነሱትና ደግሞ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለው የማሽኑ ቅንብር ውስጥ ግቡ። ፓስዎርድ ከጠየቃችሁ መልሳችሁ አስቀምጡት። ከውጭ ሀገር መሥሪያ ቤት ወጥተው የሚመጡ ማሽኖች አንዳንዴ እንዲህ ተቆልፈው ይመጣሉ። ሻጩ «ይከፈታል» ይላል። ይክፈተውና ይጥራችሁ።

ስለ ሙቀቱ ድሬ ላለ ሰው መንገር ባያስፈልግም፣ ሱቅ ውስጥ ቪዲዮ ከፍታችሁ ትንሽ አቆዩት። ማራገቢያው ዳገት ላይ እንዳለች አሮጌ ባጃጅ ከጮኸ ውስጡ አቧራ ሞልቷል፣ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱም ደርቋል። ይሄ በትንሽ ወጪ የሚስተካከል ነገር ነው፣ ግን ለመከራከሪያ ይጠቅማል።

የተጫነውን ሁሉ አጥፉ

ሁሉንም። «ኦፊሱ እንኳ ይቅር» የለም።

ምክንያቴ እንዲህ ነው። ብዙዎቹ ክራኮች ገና ከመጫናቸው በፊት የሚጠይቋችሁ አንቲቫይረስ እንድታጠፉ ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ የሆነው ዊንዶውስ ዲፌንደር ውስጥ ገብተው «ይሄን ፎልደር አትፈትሽ» የሚል ትእዛዝ ያስቀምጣሉ። ከዚያ በኋላ እዚያ ፎልደር ውስጥ ምንም ነገር ቢገባ ዲፌንደር ዝም ይላል። ብሮውዘር ላይ ያስቀመጣችሁትን ፓስዎርድ ለቅመው የሚልኩ ቫይረሶች ከሚወዷቸው መንገዶች አንዱ ይሄ ነው። የጫነላችሁ ልጅ ክፉ መሆን የለበትም፤ እሱም ከሌላ ሰው በፍላሽ ነው ያገኘው፣ ያም ከሌላ።

የሚያናድደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ክራኩ ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ከፋብሪካ ዊንዶውስ ተጭኖላቸው የወጡ ላፕቶፖች የላይሰንስ ቁልፋቸው እዚያው ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጦ ነው የሚመጣው። ትክክለኛውን ዊንዶውስ፣ ማሽኑ ሲወጣ በነበረው ዓይነት፣ ሆም ከነበረ ሆም፣ ፕሮ ከነበረ ፕሮ፣ ብትጭኑለት ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ሰው ግን ፎርማት ቤት ወስዶ፣ ከፍሎ፣ የራሱን ሕጋዊ ዊንዶውስ በተሰረቀ ዊንዶውስ ቀይሮ ይመለሳል። አቦ፣ ይሄስ አያስቅም!

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ንጹሕነቱን የምታምኑትን ሌላ ኮምፒውተርና 8 ጊጋ የሆነ ፍላሽ ያዙ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሂዱ፣ ፋይሉ ከ5 ጊጋ በላይ ስለሆነ በሞባይል ፓኬጅ አትሞክሩት። ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» የሚባለውን አውርዱ፤ ፍላሹን ራሱ ያዘጋጅላችኋል። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፣ ባዶውን ተጠቀሙ። ከዚያ ላፕቶፑን በፍላሹ አስነሱ። የሚጫንበትን ዲስክ ሲጠይቃችሁ የቆዩትን ክፍልፋዮች በሙሉ አጥፍታችሁ ባዶው ላይ ጫኑ። ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ሪሴት ይሄኔ አልመክርም። እሱ ብዙ ጊዜ የሚገነባው እዚያው ካለው ሲስተም ነው፣ እኛ ደግሞ ያንን ሲስተም ነው ያላመንነው።

ሲጫን ዊንዶውስ 11 የማይክሮሶፍት አካውንት ካልሰጣችሁኝ ብሎ ይደርቃል። ይሄ ነገር ያበሳጨኛል። የገዛ ጠረጴዛዬ ላይ ላለ ዕቃ ለምንድነው ኢሜይል የምሰጠው? ፕሮ ከሆነ «ለሥራ ወይም ለትምህርት ቤት» የሚለውን መርጣችሁ፣ የመግቢያ አማራጮች ውስጥ «ዶሜይን ጆይን» የሚለውን ስትነኩ በስም ብቻ እንድትገቡ ይፈቅዳል። ሆም ላይ መንገዶቹ በየጊዜው እየተዘጉ ነው። ግድ ከሆነ ለዚህ ብቻ የሚሆን አዲስ ኢሜይል ክፈቱ፤ የባንክና የትምህርት ጉዳይ ያለበትን አትስጡ።

ማሽኑ አሮጌ ከሆነ

ሰባተኛ ትውልድና ከዚያ በታች የያዘ ሰው ዊንዶውስ 10 ላይ መቆየት ይችላል። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች የደህንነት አፕዴት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው፤ ግን መመዝገብ ያስፈልጋል፣ ለመመዝገብም ያው አካውንት ይጠየቃል። ጊዜ መግዣ ነው እንጂ መፍትሔ አይደለም።

የእኔ ምርጫ በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት ነው። ነፃ ነው፣ አካውንት አይጠይቅም፣ ክራክ የሚባል ነገር አያውቅም። ፋይሉም ከዊንዶውስ ያነሰ ነው፣ ወደ 3 ጊጋ። ሚንት 22 የሚባለው እስከ 2029 እ.ኤ.አ. አፕዴት ያገኛል። ራሙ 4 ጊጋ ብቻ ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ ዓይነት ውሰዱ። ደስ የሚለው፣ ሳትጭኑት ከፍላሹ ላይ አስነስታችሁ መሞከር ትችላላችሁ፦ ዋይፋዩ ይይዛል? ድምፅ አለ? ስክሪኑ ልክ ነው? ካልወደዳችሁት ፍላሹን ንቀሉ፣ ማሽኑ እንደነበረ ነው።

ግን ለሁሉም ሰው አልመክርም። የሒሳብ ሥራ የምትሠሩ፣ ፒችትሪ ላይ የተማራችሁ፣ ስሙ ሴጅ ከሆነ ስንት ዓመት አልፎት እንኳ እኛ ጋ ዛሬም ፒችትሪ የሚባለው ፕሮግራም እንጀራችሁ ከሆነ፣ ዊንዶውስ ላይ ቆዩ። አውቶካድና ፎቶሾፕ ላይ የምትውሉም እንደዚያው። «ሊኑክስ ላይ ሁሉም ነገር ይሠራል» የሚሏችሁን አትስሟቸው፣ አይሠራም። ለሚጽፍ፣ ለሚያነብ፣ ፊልም ለሚያይ፣ ኢንተርኔት ለሚከፍት ተማሪ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ፓኬጅ የሚበሉት

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ ኔትወርኩን ለደንበኛ መጀመሪያ ያስሞከረው እዚሁ ድሬ ነው፣ ነሐሴ 2014 ዓ.ም.። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሲም ይዞ የረከሰውን እያየ ፓኬጅ የሚገዛ ሰው በዝቷል። ላፕቶፑ ግን በሆትስፖት መገናኘታችሁን አያውቅም። ሌሊቱን ሙሉ አፕዴት ሲጎትት ያድርና ጠዋት ፓኬጁ የለም።

ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የስልካችሁን ሆትስፖት ስም ንኩና ዳታ እንዲቆጥብ የሚያደርገውን «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩ። ይቺ አንዷ ብቻዋን ብዙ ታድናለች። ከዚያ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚል አለ፤ እሱን አጥፉት፣ ምክንያቱም ሲበራ የእናንተን ኢንተርኔት ተጠቅሞ አፕዴቱን ለሌሎች ኮምፒውተሮች ሊያካፍል ይችላል። በእናንተ ብር! የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ የሆነው ዋንድራይቭም ዴስክቶፕና ዶክመንት ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ላይ መጫን ሊጀምር ስለሚችል ከአካውንቱ አስወጡት፤ መጀመሪያ ግን ፋይሎቻችሁ ላፕቶፑ ውስጥ መኖራቸውን አረጋግጡ፣ አንዳንዴ እዚህ ስማቸው ብቻ ነው ያለው።

ፕራይቬሲ የሚለው ገጽ ውስጥም የማስታወቂያ መለያውንና ተጨማሪ የዳያግኖስቲክ ዳታ መላኩን አጥፉ። ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ዝም አይልም፣ ግን ያጉረመርማል እንጂ አይጮህም።

ምን ልጫን?

ጥቂት። ብሮውዘር ፋየርፎክስ፣ እሱ ላይ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ማስታወቂያ ማገጃ ጨምሩ። ማስታወቂያ ሲቀር ገጹ ይፈጥናል፣ ዳታም ይተርፋል፣ «ቫይረስ ተገኝቷል፣ እዚህ ይጫኑ» የሚሉት ሐሰተኛ መስኮቶችም ይቀንሳሉ። ክሮም የኤክስቴንሽን ሕጉን ስለቀየረ ሙሉው ዩብሎክ እሱ ላይ አይሠራም፤ ቀለል ያለው ላይት የሚባለው ነው የቀረው። ለእኔ ክሮምን ለመተው ይሄ ብቻ ይበቃል። ከዓለም ትልልቆቹ የማስታወቂያ ድርጅቶች አንዱ የሆነው ጉግል ብሮውዘር ሠርቶ ማስታወቂያ ማገጃ ሲያዳክም ምን ትላላችሁ?

ለጽሑፍ ሊብሬኦፊስ። እውነቱን ለመናገር ከወርድ ጋር ሲቀባበል ሠንጠረዥና ገጽ አቀማመጥ ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ ለአማካሪ ስትልኩ በዶክኤክስ ሴቭ አድርጉ፣ ከጎኑም ፒዲኤፍ አያይዙ። ለፊልም ቪኤልሲ። አንቲቫይረስ ዲፌንደር ይበቃል፤ ሁለት አንቲቫይረስ ማሽን ያንቀራፍፋል እንጂ ሁለት እጥፍ አይጠብቅም።

ለአማርኛ መጻፊያ ኪይማን የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ዊንዶውስም የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። ሚንት ላይም ከኪቦርድ አማራጮች ውስጥ ይገኛል። ክራክ የተደረገ ፓወር ግዕዝ የሚባል የአማርኛ መጻፊያ ፍለጋ አጠራጣሪ ገጾች ላይ መንከራተት ቀርቷል። የቆየ ፋይል ከፍታችሁ ፊደሉ በላቲን ከተዝረከረከባችሁ ዩኒኮድ ባልሆነ አሮጌ ፎንት የተጻፈ ነው፤ ፋይሉ አልተበላሸም፣ ያ ፎንት ሲገኝ ይነበባል። አዲስ ነገር ግን በዚያ ፎንት አትጻፉ።

ፎቶ ኮፒ ቤት

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ከዚራ ሰፈር ሂዱ መጋላ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታችሁ ዴስክቶፑን ብታዩ የሰው ፋይዳ፣ ፓስፖርት፣ ዲፕሎማ፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት ተደርድሮ ታገኛላችሁ። ማንም አልሰረቀውም። ሰዉ ራሱ ልኮት፣ ፕሪንት ተደርጎ፣ እዚያው ቀርቶ ነው።

በፍላሽ ከሄዳችሁ ሾርትከት ቫይረስ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፦ ፋይሎቻችሁ ጠፍተው በምትካቸው ቀስት ያለበት ሾርትከት ይቀመጣል። አትደንግጡ፣ ፎርማትም አታድርጉት፣ ከሁሉም በላይ ሾርትከቱን አትንኩት። ብዙ ጊዜ ፋይሎቹ ተደብቀው እዚያው ናቸው። ሚንት ያለበት ማሽን ላይ ብትሰኩት የዊንዶውስ መደበቂያ ስለማይሠራበት ቁጭ ብለው ታገኟቸዋላችሁ፤ የራሳችሁን ፋይል ብቻ ገልብጡ፣ ከዚያ ፍላሹን ፎርማት አድርጉ። ለፕሪንት የምትይዙት ፍላሽ ላይ የሚታተመው ፋይል ብቻ ይኑር። የሠርግ ፎቶና የምርምር ጽሑፍ የያዘ ፍላሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አይገባም።

በቴሌግራም ከላካችሁ ደግሞ ሰው የማያውቃት አንድ ነገር አለች። ከቻቱ ላይ ለሁለታችሁም ብታጠፉት እንኳ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አንዴ ሴቭ የተደረገው ቅጂ ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚለው ፎልደር ይቀራል። ስለዚህ ፕሪንቱን ተቀብላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት «ወንድሜ፣ ይቺን ከዳውንሎዱም ከሪሳይክል ቢኑም አጥፋልኝ» በሉት። ቅር የሚለው የለም፣ እዚህ ከተማ ሰው በአግባቡ ከጠየቁት እምቢ አይልም። ኢትዮጵያ አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አላት፣ ቁጥር 1321/2016፣ ጥሩ ነው፤ ልጁን ፋይሉን ለማስጠፋት ግን ቆሞ መጠየቅ ይፈጥናል።

የራሳችሁን ቴሌግራም ወይም ኢሜይል በሰው ኮምፒውተር አትክፈቱ። ግድ ከሆነባችሁ፣ ወዲያው ስልካችሁ ላይ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቱና የእናንተ ያልሆነውን ሁሉ አስወጡ። ይሄንን አሁኑኑ ብታዩት አይከፋም፣ የረሳችሁት አንድ ካፌ ሊኖር ይችላል።

ቴሌግራም ራሱ

ሥራ፣ ትምህርት፣ ዕድር፣ ንግድ ሁሉ ቴሌግራም ላይ ነው፣ ስለዚህ «ተዉት» አልልም። ብቻ ምን እንደሆነ እወቁ። የተለመደው ቻት ከላኪ እስከ ተቀባይ የተቆለፈ አይደለም፤ የድርጅቱ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። እንዲያ የሚቆለፈው ሲክሬት ቻት ብቻ ነው፣ እሱም ዊንዶውስና ሊኑክስ ላይ ባለው ቴሌግራም ዴስክቶፕ የለም። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ስልክ ቁጥርና አይፒ አድራሻ ሊሰጥ እንደሚችል ደንቡ ውስጥ አስገብቷል። ዋትስአፕ መልእክቱን ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቆልፋል፣ ግን የሜታ ነው፣ ከማን ጋር መቼ እንዳወራችሁ ማወቁ አይቀርም። ሲግናል የሚባለው መልእክት መላኪያ ከሁሉም ይሻላል፣ ችግሩ ገብታችሁ የምታወሩት ሰው ማጣታችሁ ነው። ለቤተሰብ ምስጢር ቢያንስ እህትና ወንድማችሁን አስገቡበት።

ላፕቶፑ ላይ ባለው ቴሌግራም ሎካል ፓስኮድ አብሩ፣ አለዚያ ማሽኑን የከፈተ ሁሉ ቻታችሁን ያነባል። ከሚላከው ኮድ ሌላ ፓስዎርድ የሚጠይቀውን ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አብሩ። ስልክ ቁጥራችሁን ከማይታወቅ ሰው ደብቁ። አውቶማቲክ ዳውንሎድን ለግሩፕና ለቻናል አጥፉ፣ ዲስክም ዳታም ይተርፋል።

ጥገና ቤት ስትወስዱት

ስክሪን ወይም ኪቦርድ ለማስቀየር ከሆነ የዊንዶውስ ፓስዎርድ መስጠት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ስክሪኑ መብራቱና ኪቦርዱ መጻፉ እዚያው መግቢያው ገጽ ላይ ይታያል። ከተቻለ ኤስኤስዲውን ነቅላችሁ ቤት አስቀሩት፣ በጥቂት ብሎን የተያዘ ትንሽ ዕቃ ነው። ይሄን በተለይ ለሴቶች አጥብቄ ነው የምናገረው። ከጥገና ቤት ፎቶ ወጣ የሚለው ወሬ በየከተማው አለ፣ ከወጣ በኋላ ደግሞ የሚመልሰው የለም።

ከመጀመሪያው ዲስኩን መቆለፍ የበለጠ ነው። ሚንት ሲጫን አማራጩ አለ፣ ምረጡት። ዊንዶውስ ፕሮ ላይ ቢትሎከር አለ። የሪከቨሪ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከቤት ሰነዶች ጋር አስቀምጡ፤ እሱ ከጠፋ ፋይሉም አብሮ ሄደ። ሁለተኛ ቅጂ ደግሞ በውጭ ሃርድ ዲስክ ያዙ፣ ቅጂውን ስትጨርሱ ንቀሉት። ሁሌ ተሰክቶ የሚውል ሃርድ ዲስክን ቫይረስ ከላፕቶፑ ጋር አብሮ ይበላዋል።

ስትሸጡት ደግሞ ፋይል ማጥፋትና ሪሳይክል ቢን ባዶ ማድረግ በቂ አይደለም፣ የጠፋ ፋይል በነፃ ሶፍትዌር ይመለሳል። ሪሴት ውስጥ ገብታችሁ «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» የሚለውን ምረጡ፣ ቀጥሎ «ክሊን ዳታ» የሚለውን አብሩ። ረጅም ሰዓት ስለሚፈጅ ቻርጀሩን ሰክታችሁ፣ ማታ ቀዝቀዝ ሲል ጀምሩት።